የነቢይት ሐና ፊት ለምን ጥላ ውስጥ ገባ?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ታሪክ ነው፤ መላሾቹን በየተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። መነሻው ጽሑፍ አጭር ነው። ጉዳዩ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1631 እ.ኤ.አ. የሣላት አሮጊት ናት፤ በአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም ያለችው፣ ትልቅ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የተሸበሸበ እጇን ገጹ ላይ አሳርፋ የምታነበው። ሙዚየሙ «ምናልባት ነቢይት ሐና» ይላታል። ጠያቂው ሥዕሉን በልኩ፣ 60 በ48 ሴንቲ ሜትር አድርጎ እየገለበጠ ነው። መጽሐፉ ወጥቶለታል፤ ፊቷ ግን ጭቃ ሆኖበታል። እዚህ ላይ ጥያቄውን ትቶ ወደ ፍርድ ገባ፦ የፊቷ ጨለማ የሠዓሊው ሐሳብ አይደለም፣ የአራት መቶ ዓመት ቫርኒሽና ጥቀርሻ ነው፤ ስለዚህ ገልባጭ ፊቷን እንደ ገጹ ሊያበራው ይገባል። ስሟን «ሃና» ብሎ ጻፈው። ይህች አንዲት ፊደል ኋላ ጣጣ አመጣች።

ቁጥር 1 በትህትና ነው የጀመረው። የሥዕሉን ትልቅ ፎቶ ከሙዚየሙ በነፃ ማውረድ እንደሚቻል አስታውሶ፣ ጠያቂው ፊቷንና ገጹን አጠጋግቶ እንዲያይ መከረ። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ቫርኒሽ ሲጠቁር አድልዎ አያውቅም። ፊቱን ያጨለመ ቫርኒሽ ቢሆን ኖሮ ገጹንም የሻይ ቀለም ያስመስለው ነበር። ገጹ ነጭ ሆኖ፣ ከጎኑ ያለው ፊት ብቻ የጠቆረበት ምክንያት ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው።

ቁጥር 2 የጠያቂው ስሕተት ከየት እንደመጣ ገመተ። ሬምብራንት በ1642 የጨረሰው «የሌሊት ዘብ» የሚባለው ሥዕል ስሙን ያገኘው ከጠቆረ ቫርኒሽ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እና 47 ሲጸዳ ትዕይንቱ ሌሊት እንዳልሆነ በግልጽ ታየ። ይህ ታሪክ በየቦታው ስለሚነገር፣ ብዙ ሰው የሬምብራንት ጥላ ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። ቁጥር 3 ደግሞ ያንኑ ምሳሌ ገለበጠው፦ «የሌሊት ዘብ» ሲጸዳ ቀለሙ ፈካ እንጂ ጥላው አልጠፋም፤ ጥላ ውስጥ የተሣሉት ሰዎች እዚያው ጥላ ውስጥ ናቸው።

የክሩ ምሰሶ ቁጥር 4 ነው። ሥዕሉን እንደ አንድ የብርሃን ጉዞ አነበበው። ብርሃኑ ከበላይ፣ በሴትዮዋ ትከሻ በኩል ወርዶ መጀመሪያ የሚያርፈው ገጹ ላይ ነው። ፊቷ ወደ መጽሐፉ ስላጎነበሰ ቀጥተኛ ብርሃን አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ከወረቀቱ ነጥሮ የሚመለሰው ነው። ነጸብራቅ ደግሞ ከታች ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ገልባጭ ብርሃን የሚፈልገው በአገጭ፣ በአፍንጫ ሥርና በጉንጭ ታችኛው በኩል እንጂ በግንባር ላይ አይደለም። ልኩንም በቁጥር አስቀመጠ። ጥቁርን 0፣ ንጹሕ ነጭን 10 ብንል፣ ገጹ 9 ላይ፣ እጁ 7 ላይ ይቀመጥ፤ ፊቱ ግን ከ5 እንዳያልፍ። ፊቱ 7 ከደረሰ ሥዕሉ ሁለት መብራት ያለው ይሆናል፤ ዓይንም ከመጽሐፉ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ መጽሐፉ እየተመላለሰ ማረፊያ ያጣል።

ጭቃውንም መረመረው። ብዙ ሰው ጥላ ለመሥራት በተዘጋጀው የሥጋ ቀለም ላይ ጥቁር ይጨምራል። የሥጋው ቀለም ውስጥ ነጭ አለ፤ ነጭና ጥቁር ሲገናኙ ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ኦከሩን፣ ማለትም ቢጫውን የአፈር ቀለም፣ ይገድለዋል፣ ፊቱም የረጠበ አመድ ይመስላል። መድኃኒቱ ጥላውን ያለ ነጭ መሥራት ነው፦ አምበር የሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለምና ትንሽ ቀይ ሌክ (ሥሩን የሚያሳይ ስስ ቀለም)፣ በስሱ ተለቅልቆ፣ ከሥር ያለው ቢጫማ ቡናማ መደብ፣ ማለትም ከሥዕሉ በፊት ጣውላው ላይ የሚቀባው ልባጥ፣ እያሳየ። ነጭ የሚገባው ነጸብራቁ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ከቢጫ ኦከርና ከቅንጣት ቨርሚሊዮን (ደማቅ ቀይ) ጋር። በሬምብራንት ዘመን ሥራው ከኋላ ወደ ፊት እንደሚሄድም አስታወሰ፦ መጀመሪያ የጀርባው ግድግዳ፣ ከዚያ ልብሱ፣ በመጨረሻ ለተመልካች የሚቀርበው ነገር። ፊቱን አስቀድሞ ጨርሶ ግድግዳውን በዙሪያው ለመሙላት የሚሞክር ሰው ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ወረቀት የመሰለ ፊት ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ቁጥር 5 የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አመጣ። በእኛ ሠዓሊዎች ወግ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚቀርለት ሰይጣን፣ አይሁዳዊ ከሳሽ ወይም ከሓዲ ወታደር ነው። በቤተ መቅደስ ሌትና ቀን ያገለገለች ነቢይት ዓይኗን ደፍታ፣ ፊቷ ጠቁሮ መሣሏ ለጸሐፊው ነውር ሆኖ ታየው። ቁጥር 6 ገና «እርስዎ» እያለ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ መለሰ፦ ያ ሕግ የጎንደርና የጎጃም ሠዓሊ ሕግ ነው፤ በላይደን ከተማ የተወለደን የ25 ዓመት ሆላንዳዊ አያስርም። የአንዱን ቤት ሚዛን ወስዶ የሌላውን ቤት እህል መስፈር ነው አለ።

ቁጥር 7 ሁለቱንም ሳታስቀይም አለፈች። የእኛ ሠዓሊ በዓይን የሚናገረውን ሬምብራንት እዚህ በእጅ ተናግሮታል የሚል ነው ሐሳቧ። ከገጹ ቀጥሎ ብርሃን የተሰጠው እጇ ነው፤ ማንበብ የደከመው ሰው መሥመር እንዳይጠፋው እጁን ገጹ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ መዳፏ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ይህ በክሩ ውስጥ ካሉት አስተያየቶች ሁሉ ሥዕሉን በእርግጥ ካየ ዓይን የወጣው ነው።

ቁጥር 8 እጁን ከቅርብ አሳየ። የአሮጊት እጅ ሲሣል የተለመደው ስሕተት ሽብሽቡን በጥቁር መሥመር መጻፍ ነው፤ ያኔ ቆዳ ሳይሆን የተሰነጠቀ ጭቃ ይወጣል። ትክክለኛው አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ እጁ በሙሉ በመካከለኛ ጥላ ቀለም ይሞላል፦ ቢጫ ኦከር፣ ጥቂት ነጭ፣ ቅንጣት የአጥንት ጥቁር (ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ቀለም)። ሲደርቅ፣ በቀጭን ብሩሽ ወፈር ያለ ብሩህ ቀለም ተይዞ በሽብሽቦቹ መካከል ያለው ጉብታ ብቻ ይነካል፤ ጭረቱ አጭር፣ በጣቱ አግድም። ሽብሽቡ ያልተነካው ቦታ ነው፤ ማንም አልሣለውም፣ ቀረ እንጂ። በጅማቶቹ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ለመጨመር የሚቸኩል አለ፤ አያስፈልግም፤ ጥቁርና ነጭ በሞቃት ቀለም አጠገብ ሲቀመጡ ራሳቸው ሰማያዊ ይመስላሉ። ጥፍሩ ላይ አንዲት የነጭ ነጥብ ይበቃል፤ ሁለት ከሆነ የተቀባ ጥፍር ይሆናል።

ቁጥር 9 መደቡ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀ፤ ጥያቄው ሦስት ቃል ነው። መልሱ ግን የክሩን ረጅም ክፍል ወሰደ።

ቁጥር 10 በዘመኑ የሆላንድ ሠዓሊዎች የኦክ ጣውላ ላይ ጠመኔና የእንስሳ ሙጫ ቀብተው፣ በላዩ ስስ ቢጫማ ቡናማ የዘይት ልባጥ እንደሚያስከትሉ ገልጾ፣ ለዚህ ልክ የሚበቃውን ሰፈረ። 35 ግራም የቆዳ ሙጫ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሌሊቱን ይዘፈዝፋል። ጠዋት በሌላ ድስት ውኃ ላይ ተቀምጦ ይሟሟል፤ ከ60 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፣ የፈላ ሙጫ መያዝ ይተዋልና። ከዚህ ተቀንሶ ጣውላው ከፊትም ከኋላም አንድ ጊዜ ይቀባል። በቀሪው ላይ ወደ 700 ግራም የተነፋ ጠመኔ ቀስ እየተባለ ይነሰነሳል፤ ጠመኔው ራሱ ጠጥቶ እስኪሰምጥ አይነካም፣ ከዚያ በዝግታ ይታሻል። በፍጥነት ከተመታ አየር ይገባበታል፤ አየሩ ቅቡ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ ስምንት ቅብ ቢደረብበት አይደፈንም። የመጀመሪያው ቅብ በመዳፍ እየታሸ ይገባል። ከዚያ ሰባት ስስ ቅብ፣ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም፤ የቀደመው ውኃው ጠፍቶ ሲደበዝዝ፣ ሳይደርቅ፣ የሚቀጥለው ይከተላል። ኋላውም እኩል ይቀባል፤ አለበለዚያ ጣውላው እንደ ምጣድ ይጎብጣል።

ሲበላሽ ምክንያቱን ከመልኩ መለየት ይቻላል አለ። መረብ የመሰለ ስንጥቅ ከወጣ ሙጫው በዝቷል፣ ወይም ፀሐይ ላይ ደርቋል። ጣት ሲነካው ዱቄት ከሆነ ሙጫው አንሷል። ሳይለቀለቅ በፊት መፈተኛው ይህ ነው፦ የቀዘቀዘው ሙጫ መርጋት አለበት፤ በጣት ሲጫኑት ተንቀጥቅጦ ሸካራ ሆኖ ይሰበር፤ እንደ ጎማ ከተመለሰ ውኃ ይጨመርበት።

ቁጥር 11 አቋረጠ፤ ይህኛው ማስተካከያ ብዙ ሰው ከኪሳራ ያድናል። ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ጄሶ ጠመኔ አይደለም። ጄሶ ውኃ ሲነካው ይጠጥራል፤ ሙጫው ውስጥ ከገባ ድስቱን ይዞ ሊደርቅ ይችላል። ጣልያኖች ከጄሶ መደብ የሚሠሩት በብዙ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት፣ ዕለት ዕለት እያማሰሉ፣ የመጠጠር ጠባዩን ካጠፉት በኋላ ነው። ያንን የማይታገሥ ሰው የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ብሎ ይጠይቅ።

ቁጥር 12 ስለ ጣውላው ነው፤ ኦክ ለሚያጣ ሰው ለሥዕል ገበታ በአገራችን ሲሠራበት የኖረው ዋንዛ እንደሚሆን፣ ግን ከግንዱ መሐል ወደ ውጭ በተሰነጠቀበት አቅጣጫ የተላገ እንዲሆን ተናገረ። ኮምፔንሳቶ ግን ላይኛው ንጣፍ ስስ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ በእንጨቱ መሥመር ልክ ቀለሙን ይሰነጥቃል። ቁጥር 13 ኤምዲኤፍ ከሁለቱም ያነሰ ይንቀሳቀሳል ብላ ተከራከረች፤ ጠርዙን በሙጫ ሦስት ጊዜ ማጥገብ ብቻ ነው የሚፈልገው። እርሷ ትክክል ናት፣ ምንም እንኳ ዋንዛውን የሚተካ ውበት ባይኖረው።

ወደ ዘይቱ ሲመጡ ክሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ቁጥር 14 እንደጻፈው፣ ሬምብራንት ቀለሙን የሚለውሰው በአብዛኛው በተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ደግሞ ከእኛ ጓዳ አይጠፋም። ነገር ግን ከመጭመቂያ እንደወጣ አይገባም፤ ውስጡ ያለው ልጋግ ቀለሙን ያቢጫል፣ ያዘገያልም። አጥቦ ማዘጋጀት ይቻላል። በብርጭቆ ገንቦ ውስጥ እኩል ዘይትና ንጹሕ ውኃ፣ አንድ እፍኝ የታጠበ አሸዋና አንድ ማንኪያ ጨው ይጨመርና በኃይል ይናጣል። ሲያድር ሦስት ሆኖ ይለያል፦ ከላይ ዘይት፣ መሐል ነጭ ልጋግ፣ ከታች ውኃ። ዘይቱ ይቀዳል፤ ልጋጉ መውጣት እስኪያቆም አራት አምስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ክዳኑ ላላ ብሎ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጥ፤ ይነጣል፣ ይወፍራልም። «የተፈላ» ተብሎ ለበርና መስኮት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማድረቂያ ኬሚካል አለበት፤ ላዩ ቶሎ ቆዳ ይይዝና ሥሩ ሳይደርቅ ይኮማተራል። ቁጥር 15 በሁለት መሥመር የሁሉንም ነፍስ የሚነካ ነገር አከለ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ያነሣል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ነው።

የገጹን ነጭ በተመለከተ ቁጥር 16 ከሁሉም የጠነከረ አቋም ያዘ። በዘመኑ የነበረው የእርሳስ ነጭ ነው፤ ከማዕድኑ ማለት ነው፣ ከመጻፊያው አይደለም። በሆላንድ ሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር፦ ንጹሑና ጠመኔ የተቀላቀለበት ርካሹ። የእርሳስ ነጭ ብሩሹ የጣለውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ጉብታው ራሱ ብርሃን ይይዛል። በየሱቁ ያለው ቲታንየም ነጭ ከሱ ይልቅ ኃይለኛና ቀዝቃዛ ነው፤ ከሁሉም ነገር ጋር ሲቀላቀል ይውጠዋል። ቲታንየሙን በአንድ ሦስተኛ የጠመኔ ዱቄት አድክሞ፣ በቅንጣት ኦከር አሙቆ መጠቀም ይሻላል። ዚንክ ነጭ ያለበት ቱቦ ግን ይቅር፤ ሲቆይ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፣ ላዩ ያለውንም ቀለም ይዞ ይላጣል። ቁጥር 17 የእርሳስ ነጭ መርዝ መሆኑን፣ በደረቁ መፋቅና ዱቄቱን መለወስ ሳንባ ውስጥ እንደሚያስገባው አስታወሰ፤ ቁጥር 16 አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ የመጨረሻው ምስጋና ያ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ቁጥር 18 ሴትዮዋ ነቢይት ሳትሆን የሬምብራንት እናት ናት ብሎ ገባ። የድሮ መጻሕፍት እንደዚያ ይላሉ፤ ይህን ያህል እውነት ነው። ቁጥር 19 አረመው፦ በ1679 የተዘረዘረው የአምስተርዳሙ የኅትመት ነጋዴ የክሌመንት ደ ዮንኼ የንብረት መዝገብ «የሬምብራንት እናት» የሚለው አንድ የመዳብ ኅትመትን ነው፤ ስሙ ከዚያ እየተዘረጋ ሄዶ በላይደን የተሣለች አሮጊት ሁሉ እናቱ ሆነች። እናቱ ኔልትኸን የሞተችው በ1640 ስለሆነ በ1631 በሕይወት ነበረች፤ ተቀምጣለት ሊሆን ይችላል፤ ግን ተቀምጣም ቢሆን የተሣለው የእሷ መልክ ማስታወሻ አይደለም። በላይደን ሰው እንደዚህ ያለ የወርቅ ክር የገባበት መጎናጸፊያ አድርጎ አይውልም፤ ይህ የጥንት ዘመንና የምሥራቅ አገር ምልክት ነው። በገጹ ላይ ያሉት ፊደሎችም ዕብራይስጥ ለመምሰል የተጣሉ ናቸው፣ አይነበቡም።

ቁጥር 20 ጥሩ ማወዳደሪያ ሰጠ። በ1628 በ14 ዓመቱ የሬምብራንት ተማሪ የሆነው ኼሪት ዳው እሱም የምታነብ አሮጊት ሥሏል፤ እሷም በዚያው ሙዚየም ናት። የዳው ገጽ ግን ይነበባል፦ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19፣ የዘኬዎስ ታሪክ፣ ከነሥዕሉ። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል ጻፈ፣ መምህሩ ደግሞ ብርሃኑን ጻፈ። በዳው ሥዕል ተመልካች ራሱ ያነባል፤ በሬምብራንት ግን ሌላ ሰው ሲያነብ ያያል። እንዲህ ያለች አሮጊት የሬምብራንት የላይደን ባልደረባ በነበረው በያን ሊቨንስም ሥራ ትመላለሳለች አለ።

ቁጥር 21 የአማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚሳሳትበትን አነሣ። ሐና ስንል ቶሎ የምትመጣልን የእመቤታችን እናት፣ የኢያቄም ሚስት ናት። ይህችኛው ሌላ ናት፦ በሉቃስ 2 ከቁጥር 36 ጀምሮ ያለችው፣ ከአሴር ወገን፣ የፋኑኤል ልጅ። ሦስተኛዋ የሳሙኤል እናት ናት፤ በኤድንበርግ ያለ በ1650 ገደማ የተሣለ ሥዕል ስሙ በእሷና በነቢይቷ መካከል ሲዋልል ኖሯል። አራተኛዋ የጦቢት ሚስት ሐና ናት፤ ሬምብራንት በ1626 ከፍየል ግልገሏ ጋር ሥሏታል፤ መጽሐፈ ጦቢት በእኛ ሰማንያ አሐዱ ውስጥ ስላለ ታሪኩን ለማወቅ ማንም አይቸገርም። አራት ሐናዎች፣ አንድ ሠዓሊ። ነቢይቷን ራሷን የፈለገ ሃምቡርግ ያለውን በ1627 ወይም 28 የተሣለውን ስምዖን ይመልከት፤ እዚያ ከኋላው ቆማ ሁለት እጇን አንሥታለች። ሬምብራንት ሲሞት ሳይጨርሰው በቤቱ የተገኘውና አሁን ስቶክሆልም ያለው ስምዖን አጠገብ ያለችውን ሴት ግን አንዳንዱ ማርያም፣ አንዳንዱ ሐና ይላታል።

ቁጥር 22 ከዚህ ሁሉ ዕውቀት የያዘው አንድ ነገር ነው፦ መነሻው ላይ ስሟ በ«ሃ» መጻፉን። ሐመሩ ሐ መሆን አለበት፣ በግእዝ ትርጉም ይለወጣል፣ ሥዕል ከመገልበጥ በፊት ፊደል መገልበጥ ይቅደም አለ። ቁጥር 23 በመርማሪ ዓይን የቁጥር 22ን ጽሑፍ አነበበና «ሥዕል» የሚለውን በእሳቱ ሰ እንደጻፈው አገኘ። ቁጥር 24 ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረደ። ቁጥር 25 የሰውየውን ትምህርት ቤት ጠየቀ። ቁጥር 26 ተሰርዟል።

ቁጥር 27 ጠቡን በሌላ ጠብ አበረደው፤ ነቢይቷ ስንት ዓመቷ ነበር? ከባሏ ጋር ሰባት ዓመት ኖረች፤ ሰማንያ አራቱ ግን ዕድሜዋ ነው ወይስ የመበለትነቷ ዘመን? የግሪኩ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። መበለትነቷ ከሆነ፣ በ14 ዓመቷ ብታገባ እንኳ ከመቶ በላይ ናት። ቁጥር 28 ይህ ለገልባጩ ምን ይጠቅመዋል አለ፤ ቁጥር 27 ደግሞ የእጁን ሽብሽብ ብዛት ይወስናል ብሎ መለሰ። በዚህ ማንም አልሳቀም፣ ግን ማንም ደግሞ አልሰደበም። ሉቃስ ስለ መጽሐፍ አንድም ቃል እንዳልጻፈ ያከለውም ይኸው ሰው ነው፤ ጾምና ጸሎት ይላል እንጂ ንባብ አይልም። መጽሐፉ የሠዓሊዎች ጭማሪ ነው፣ ትንቢቱን ታውቅ ነበር ለማለት። ሙዚየሙ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ያልጣለውም እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ሕፃኑም ስምዖንም በሌሉበት፣ አንዲት አሮጊትና አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ከዚያ በላይ መማል አይቻልም።

ቁጥር 29 ከርእሱ ያልወጣ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ጠቆር ያለው ቀይ ካባ በራሱ ቅጂ ላይ በሁለት ወር ውስጥ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ሰፊ፣ ጠርዙ ድቡልቡል፣ ከሥሩ ጥቁር የሚታይ። ቁጥር 30 ካየው መልክ ብቻ ፈረደ። ድቡልቡል ጠርዝ ያለው ስንጥቅ የእርጅና አይደለም፤ ላይኛው ከታችኛው ቀድሞ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ከሥሩ የአጥንት ጥቁር በዘይት ጠግቦ ተቀብቷል፣ እሱም በሣምንታት ነው የሚደርቀው፤ ከላዩ አምበር ያለበት ቀይ መጣ፣ አምበር ማንጋኒዝ ስላለው በቀን በሁለት ቀን ይደርቃል። ላዩ ጠበቀ፣ ሥሩ ተንሸራተተ። ሲታረም ከሥር የሚገባው በአምበርና በቨርሚሊዮን፣ በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ዘይት የጠማው ቅብ ነው። ያ በደንብ ሲደርቅ ቀይ ሌኩ ዘይቱ ጨምሮ በላዩ ይፈስሳል፣ በስሱ ሁለት ጊዜ እንጂ አንዴ በወፍራሙ አይደለም። ቀዩም አሊዛሪን ባይሆን ይመረጣል፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ በጥቂት ዓመት ያነጣዋል፤ ኪናክሪዶን የሚባለው ቀይ ይቆያል። ቫርኒሹ ከስድስት ወር በፊት አይቀባ። አስፋልት ወይም ቢቱመን የሚባለውን ቡናማ ደግሞ ማንም ቢመክር እንዳይሰማ፤ መቼም አይደርቅም፣ የአዞ ቆዳ ሆኖ ይቀራል።

ቁጥር 31 ራሱ ጠያቂው ነው። ፊቱን ወደ 5 አውርዶታል፤ መጀመሪያ ስለ ቫርኒሹ የተናገረውን ግን በዝምታ አለፈው። ስሟንም በሐመሩ ሐ ጻፈ። አሁን ጥያቄው ገጹ ላይ ነው፦ ፊደሉ የማይነበብ ከሆነ፣ ለምን የሉቃስን ምዕራፍ በግእዝ አይጽፍበትም?

ቁጥር 32 ደስ አለው፤ የካቲት 8 ስምዖን ሕፃኑን የታቀፈበት በዓል ሲደርስ ቤት ውስጥ ሊሰቀል ይችላል አለ። ቁጥር 33 ግን ሐና የሉቃስን ወንጌል ልታነብ እንደማትችል ጠቆመ፤ እሷ ራሷ የምትገኝበት መጽሐፍ ገና አልተጻፈም። ኢሳይያስ ይሁን አለ። ቁጥር 34 ኢሳይያስም ቢሆን የሚነበብ ፊደል ዓይንን ከእጇ ላይ ይነጥቃል፤ ያኔ የሬምብራንት ሳይሆን የዳው ቅጂ ይሆናል ብሎ ቁጥር 20ን አስታወሰ። ያም ሆነ ይህ «አር ኤች ኤል 1631» የሚለውን ፊርማ መገልበጥ እንደማይገባ፣ የገልባጩ ስምና ዓመት ከኋላ በኩል ጣውላው ላይ በማይለቅ ቀለም እንዲጻፍ አሳሰበ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሥዕሉ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና።

ቁጥር 35 አሠራሩን ብቻ ነገረው። ነጩ ገጹ ላይ በወፍራሙ ይጎተት፤ በዚያው ቀን፣ ላዩ ቆዳ ሳይዝ፣ የብሩሽ እጀታ ጫፍ ተሹሎ ፊደሉ ይቧጨር፣ ከሥር ያለው ቡናማ እንዲወጣ። ጥልቀቱ ጠመኔው ላይ ሳይደርስ። ከዳር ያሉት መሥመሮች ሲርቁ እየደበዘዙ ይሂዱ፣ ከእጇ ሥር ያሉት ሁለት መሥመሮች ብቻ ጎላ ይበሉ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ መቧጨር ፍርፋሪ ያመጣል፤ ፍርፋሪው ከወጣ ደግሞ ገጹ በሙሉ ተፍቆ እንደገና ነው።